አባቴን ለመጠየቅ ስለ ተደረገልኝ ቅናሽ

ለክቡር የእረፍትና የጉብኝት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ውድ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ከበርዎ ውጭ ተቀምጠው «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉ ባለጉዳይ የሚመልሱት ትጉህ ጸሐፊዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ለሳምባዎ። ሳምባ ችላ የሚባል ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በታች ከምዘረዝረው ይረዱልኛል።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የአቤቱታ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት በታይፕ ጸሐፊነት አገልግዬ ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ሁለታችንም ባሕር አይተን ስለማናውቅ፣ የእኔ ጡረታ ሲደርስ ባሕር ማዶ ተሻግረን አንድ ሳምንት ልንከርም ተነጋግረን፣ ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶግራፍ እንኳ ተነሥተን ነበር። ይሁንና የጽሕፈት ቤትዎ በራሪ ወረቀት «ባሕር ማዶ ለምኔ፣ እረፍቱ ሳለ ከጎኔ!» እያለ በበራችን ሥር ሾልኮ ገባ። ለጡረተኞች የሠላሳ በመቶ ቅናሽ፣ ቁርስና ምሳን ጨምሮ ሰባት ቀን፣ በጥድ ደን መካከል። ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ «ባሕሩ የትም አይሄድ፤ የሚሄደው ጉልበታችን ነው» አለና ጉዳዩ በዚሁ ተቆረጠ።

በዚያ ወረቀት ግርጌ በደማቅ ፊደል «በማረፊያችን ዘላለማዊ እረፍት ያገኛሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። «ዘላለማዊ ትዝታ ያለው እረፍት» ለማለት ተፈልጎ ቃል የተዘለለ መስሎኝ፣ የሙያ ነገር ሆኖብኝ በቀይ እርሳስ አርሜው ነበር። ስለ ድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግድፈት አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬንና ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ በሮቹ

በራሪ ወረቀቱ «ሰፋፊ በሮች፣ ትላልቅ መስኮቶች፣ ምግብዎ ክፍልዎ ድረስ የሚቀርብበት ልዩ ቀዳዳ» ይላል። አንዱም ሐሰት ሆኖ አላገኘሁትም። የተሰጠን ክፍል በር፣ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሳያዘነብሉ የሚያልፉበት ነው። የግድግዳው ማዕዘኖች፣ አቧራ የሚያርፍበት ጥግ እንዳይኖር፣ እንደ ሳህን ውስጥ ክብ ተደርገዋል። በሩ ላይ ደግሞ በደረት ቁመት ከውጭ ብቻ የሚከፈት ትንሽ መዝጊያ አለ፤ የመጀመሪያው ቀን ቁርሳችን በዚያ ገባልን።

ዕድሜውን ሙሉ የሰዓት ሆድ ሲከፍት የኖረው ባለቤቴ፣ አንድ ዕቃ ለምን እንደ ተሠራ ከአሠራሩ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ቁርሱን ሳይነካ ወደ ኮሪደሩ ወጣና መዝጊያውን ሲከፍትና ሲዘጋ ቆየ፤ ከዚያም ፊቱን በቀዳዳው አሳይቶኝ «ስሚ፣ ይሄ ምግብ እንዲገባ የተሠራ አይደለም፤ ሰው እንዳይገባ ነው» አለኝ። እኔም እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ እንዲበላ ነገርኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ነገሩ የእኔው ነገር መሆኑን ገና አላወቅሁም ነበር።

፪. ስለ በረንዳው

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ «የፀሐይ መሞቂያ» ወደሚባለው ረጅም በረንዳ ወጣን። እንግዶች በተጣጣፊ ወንበር ላይ ተጋድመው ያንጎላጃሉ። እኔ ወንበር ስላጣሁ እስከ በረንዳው ጫፍ ሄጄ የብረት መደገፊያውን ይዤ ቁልቁል ተመለከትኩ። ከታች አሮጌው መንገድ በጥዶቹ መካከል ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ላይ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አለች። ያችን ድልድይ አወቅኋት።

ክቡርነትዎ ይታገሡኝ፤ ነገርን ነገር ያነሳዋል። አባቴ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ግራኝ ስለ ነበረ ትኬቱን የሚቀደውም፣ መልሱን የሚሰጠውም፣ እኔን ከመኪናው ደረጃ ላይ ብድግ የሚያደርገውም በግራ እጁ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ሳል ያዘው፤ ቆይቶም ሳሉ እሱን ይዞ ወሰደው። የወሰዱበትን የሳምባ ሕሙማን ቤት እናቴ በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «ላይኛው ቤት» ነበር የምትለው። በሩ ላይ «ሕሙማንን መጠየቅ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ስለ ነበረ፣ ቤተሰቦች ቅዳሜ ቅዳሜ ከታች ድልድዩ ላይ ይቆማሉ፤ በሽተኞቹ ደግሞ በረንዳው ላይ ይሰለፋሉ፤ ከዚያም ሁሉም እጁን ያውለበልባል። ርቀቱ ፊት አያሳይም። እናቴ «ያው፣ ከሁሉም ጫፍ ላይ ያለው፣ ባለ ነጭ ፎጣው፣ አባትሽ ነው» ትለኝ ነበርና ለነጩ ፎጣ አውለበልብ ነበር።

አውቶቡስዎ በሌላ በኩል በተሠራው አዲስ አስፋልት ስላወጣን፣ ቤቱንም የማውቀው ከታች ወደ ላይ ብቻ ስለ ነበር፣ አንድ ሌሊት አድሬበት እንኳ አልለየሁትም። አሁን ግን አባቴ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ ቆሜ እኔ እቆምበት የነበረውን ቦታ እያየሁ ነበር። ድልድዩ ላይ ማንም አልነበረም። እጄ ግን ሳላዘው ተነሣ። እያውለበለብኩ መሆኔን ያወቅሁት፣ ብስክሌቱን እየገፋ የሚያልፍ አንድ ሰው ቀና ብሎ አይቶኝ ባርኔጣውን አውልቆ ሲመልስልኝ ነው። ማን መስዬው እንደ ሆነ አላውቅም። እሱም መልሶ ቀና ሳይል በመታጠፊያው ተሰወረ።

እንግዲህ ምስጋናዬ ይህ ነው፦ ለሃምሳ ሁለት ዓመት የተከለከልኩትን አባቴን የመጠየቅ ፈቃድ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ያለ ማመልከቻ፣ ያውም በሠላሳ በመቶ ቅናሽ ሰጥቶኛል። የቁርሱን ጥራት እዚህ ላይ አላነሣም።

፫. ስለ አትክልተኛው

በግቢዎ ውስጥ ከጽጌረዳዎቹ ጋር የሚውሉ አንድ አዛውንት አሉ፤ እንግዶቹ «አባ ዝምታ» ይሏቸዋል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሄጄ፣ ይህ ቤት ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። መቀሳቸውን ሳያቆሙ «እኔ ቅጠል ነው የማውቀው እሜቴ፤ የእርስዎን ጥያቄ ቢሮውን ይጠይቁ» አሉኝ። አባቴ ትኬት ቆራጭ እንደ ነበረና በበረንዳው ጫፍ ይቆም እንደ ነበረ ስነግራቸው ግን መቀሱ ቆመ።

«ግራኙ?» አሉ። ቀጥለውም እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲሉኝ የነበሩት ሰው፣ የሽበቴን ብዛት ከጉዳይ ሳይቆጥሩ፣ «ባለ ቀይ ሹራቧ ልጅ አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉኝ።

ቀይ ሹራብ እንደ ነበረኝ እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

አትክልተኛው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የዚያ ቤት ቃሬዛ ተሸካሚ ነበሩ። የነገሩኝን እንደ ነገሩኝ አሰፍራለሁ፦ «አባትሽ ዝናቡ ሳይገባ ነው ያረፈው። ከማረፉ በፊት ፎጣውን ሰጠኝና ‹ደብዳቤው እስኪደርሳቸው አንተ አውለብልብላቸው፤ ልጅቷ ቦታዬን ባዶ ሆኖ እንዳታየው› አለኝ። ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው ብዬ እሺ አልኩት። ደብዳቤው ግን ፊርማ ይቀረዋል ተባለ። ፈራሚው ለስብሰባ ሄደዋል ተባለ። ሲመለሱ ደግሞ ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ቁልፍ ያዡ ፈቃድ ላይ ነው ተባለ። አምስት ወር አውለበለብኩ። ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ፣ አንቺም በዚያች ቀይ ሹራብ እየመጣሽ።»

ክቡር ሆይ፣ በዚያ አምስት ወር ውስጥ የላይኛው የፊት ጥርሴ ወለቀ፤ አፌን ከፍቼ በጣቴ እያመለከትኩ ከድልድዩ ላይ አሳየሁት፤ ፎጣው እየዘለለ ሳቀልኝ። ከክፍሌ ሁለተኛ ወጣሁ፤ ሁለት ጣቴን አነሣሁለት፤ ፎጣው ሁለት ጊዜ ወደ ላይ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ፣ ሌላው ቢቀር ይህን አውቆ ሄዷል እያልኩ ስጽናና የኖርኩበት ወሬ ሁሉ፣ ለአባቴ የነገርኩት ሁሉ፣ አባቴ ጋ አልደረሰም። ደረሰልኝ ብዬ የኖርኩበትን ያህል ጊዜ ደግሞ አልቀረኝም።

እናቴስ ታውቅ ነበርን? ከዝናቡ በፊት በአንዱ ቅዳሜ፣ ድልድዩ ላይ እጄን ድንገት ጠበቅ አድርጋ ይዛ «ዛሬስ በቀኝ እጁ ነው» ማለቷን አስታውሳለሁ። ለእኔ ያኔ ምንም አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እጁ አንሥታ አታውቅም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ግን ፀጉሬን አበጥራ፣ ሹራቤን አልብሳ፣ በጭቃው ውስጥ እየጎተተች ወሰደችኝ። አንድ የማናውቀው ወጣት ከላይ ሆኖ ለእሷና ለእኔ ሲል ይዋሻል፤ እሷ ከታች ሆና ለእኔ ስትል እንደ ተታለለች ትሆናለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ሞተች። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፤ ከእርስዎ ቤት ሰዎች መካከል ሥራውን በሰዓቱ የሠራው ግን ያ ፎጣ ብቻ ነበር።

፬. ስለ «እስቲም ባዝ»

ይህ አጭር ነው። አትክልተኛው እንደ ነገሩኝ፣ ከምድር ቤቱ ያለው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ እንግዶች በፎጣ ተጠቅልለው የሚያልቡበት፣ ቀድሞ ከሕሙማን የሚወጣ ነገር ሁሉ የሚቀቀልበት ክፍል ነበር፤ ደብዳቤም ጭምር። አባቴ ሦስት ደብዳቤ ጽፎልናል። ሦስቱም የደረሱን ቀለማቸው በእንፋሎት ቀልጦ፣ ሰማያዊ ደመና ብቻ ሆነው ነው። እኔ አባቴ ደመና ሥሎ የላከልኝ መስሎኝ በአልጋዬ ራስጌ ሰቅያቸው ነበር። ወደ ታይፕ ሙያ ለምን እንደ ገባሁ ሰው ሲጠይቀኝ፣ የታይፕ ቀለም በቀላሉ አይለቅም እል ነበር፤ ሰዎቹም ስለ ሥራ ጥራት የምናገር ይመስላቸው ነበር።

ባለቤቴ በቅናሹ ውስጥ ተካትቷልና እንፋሎቱን እንሞክረው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ምክንያቱን ስነግረው ፎጣዎቹን አጣጥፎ ለእንግዳ መቀበያው መለሰ።

፭. ስለ ቴኒስ ሜዳው

መቃብሩ የት እንደ ሆነ የጠየቅኋቸው በአምስተኛው ቀን ነው። አትክልተኛው መቀሳቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ቴኒስ ሜዳው መሩኝ። ቤቱ ማረፊያ ሲሆን የእንጨት ምልክቶቹ ተነቅለው፣ መሬቱ ተደልድሎ፣ ቀይ አፈር ለብሶ፣ በነጭ ኖራ ተሰምሮበታል። «በረድፍ ነበር የምንቀብራቸው፤ ረድፉን ደግሞ እኔ ነኝ የምይዘው» አሉና በአጥሩ ሽቦ ውስጥ ጣታቸውን አሾልከው፣ ከመረቡ ምሰሶ በስተግራ ሦስት እርምጃ የሚሆን ቦታ አመለከቱኝ። በዚያ ሰዓት ሁለት ወጣት ባልና ሚስት እየተጫወቱ ነበር። ሚስትየው ቦታው ላይ ቆማ ኳሷን ታነጥራለች።

ባለቤቴ ሄዶ ነገራቸው። ምን ብሎ እንደ ነገራቸው አልሰማሁም። ልጅቷ ኳሶቹን አንድ በአንድ ለቅማ፣ ራኬቷን በብብቷ ሸጉጣ፣ በእግሯ ጣቶች እየተራመደች ወጣች፤ ባሏም ተከተላት። ከዚያ ባለቤቴ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሄዶ ሜዳውን ለአንድ ሰዓት ተከራይቶልኝ ተመለሰ።

ገባን። ከምሰሶው ሦስት እርምጃ ቆጥሬ ቆምኩ። ለአባቴ ምን እንደምለው አላውቅም ነበርና፣ ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ የምትለውን ነገርኩት፤ ጥርሴ መውለቁን፣ ሁለተኛ መውጣቴን፣ በሌላ ሰው በኩል የላክሁለትን ሁሉ እንደ ገና ነገርኩት። ገና ሳልጨርስ የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ እየሮጡ መጡ። ስለ ተገቢው ሥነ ሥርዓታቸው ላመሰግናቸው እወዳለሁ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሜዳው ላይ በስፖርት ጫማ ካልሆነ በቀር መቆም እንደማይፈቀድ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አፈሩን እንደሚጎዳው፣ ይህም በደንቡ አንቀጽ ሰባት እንደ ሰፈረ አስረዱን።

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። እኔም ፈታሁ። አትክልተኛውም ከበሩ አጠገብ ፈቱ። ሦስታችንም በባዶ እግራችን ቆምን። ሥራ አስኪያጁ ደንቡ ውስጥ ስለ ባዶ እግር የተጻፈ ነገር ቢያጡ ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። ሰዓቱ እስኪሞላም ከዚያው አልሄዱም። አፈሩ ፀሐይ ስለ ዋለበት ይሞቅ ነበር።

፮. ስለ መልስዎ

ከማረፊያው እንደ ተመለስኩ፣ በዚያ ቦታ የተቀበሩ ሰዎች መዝገብ እንዲከፈትልኝ ለጽሕፈት ቤትዎ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ማመልከቻ አቅርቤያለሁ። ለሦስተኛው የተሰጠኝ መልስ የሚከተለው ነው፦ «በጠቀሱት ሥፍራ ስለ ተቀበሩ ሰዎች የሚያስረዳ ሰነድ በጽሕፈት ቤታችን አለመኖሩን እየገለጽን፣ ስለ ቴኒስ ሜዳው የሰጡን አስተያየት ለአገልግሎት ማሻሻያ በግብአትነት የሚወሰድ መሆኑን እናሳውቃለን።»

በዚህ ላይ ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁና። ሠላሳ አራት ዓመት የጻፍኩት እሱኑ ነው። «ሰነድ አለመኖሩን እየገለጽን» የሚለውን ጣቶቼ ሳላያቸው ይጽፉት ነበር። ፊርማ የሚጠብቁ ደብዳቤዎች በጠረጴዛዬ ላይ ሳምንት፣ ወርም ከርመዋል፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ እኔም ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። ከእነዚያ ደብዳቤዎች መካከል በየትኛው ጫፍ ላይ የትኛዋ ልጅ ለማን ስታውለበልብ እንደ ከረመች አላውቅም። አሁን ስተኛ የማየው አባቴን አይደለም፤ ያንን የጠረጴዛዬን ክምር ነው። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ከላይ ሆኜ የምፈርድብዎት አይምሰልዎ፤ የምጽፍልዎ የሥራ ባልደረባ ነኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተሸከመም አይረሳም ለካ። አትክልተኛው የቀበሯቸውን ሰዎች በረድፍና በተራ ያስታውሳሉ፤ ስማቸው የጠፋባቸውን በሙያቸው፦ ዳቦ ጋጋሪው፣ የሂሳብ አስተማሪው፣ በአንድ ሳምንት የሄዱት ሁለቱ እህትማማች ልብስ ሰፊዎች፣ ገና ስም ያልወጣለት ሕፃን ከነእናቱ። ተቀምጠው ነገሩኝ፤ እኔም በታይፕ መታሁት። አርባ አንድ ሰዎች ናቸው። ይህን ደብዳቤ የሚያወጣው ጋዜጣ ዝርዝሩን ከጎኑ ለማተም ፈቅዷል። በዝርዝሩ ውስጥ ሰው ያለው ቤተሰብ መጥቶ እንዲቆም፣ ሜዳውን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ አንድ ሰዓት አስይዘናል፤ ሥራ አስኪያጁ በገዛ እጃቸው መዝገብ ላይ አስፍረውታል። አትክልተኛውን ለመጠየቅ ቢያስቡ ደግሞ፣ ባለፈው ሳምንት በፈቃዳቸው ሥራ ለቀው ልጃቸው ዘንድ ሄደዋልና አይድከሙ።

ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መረቡን እንዲያነሡልን። መዝገቡን በተመለከተ፣ ቁልፍ ያዡ ከፈቃድ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። መጠበቅ በቤተሰባችን አዲስ አይደለም።

ላደረጉልኝ መስተንግዶ ሁሉ ቃላት እያጠሩኝ፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ የሚገባውን አክብሮት በሁለት እጄ እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ እንዲረጋ፣ ብዕርዎ ቀለም እንዳይነጥፍበት፣ ማኅተምዎም ከቁልፉ ጋር በአንድ ኪስ እንዲገኝ እየተመኘሁ፣ ሁልጊዜ አመስጋኝዎ ሆኜ እቆያለሁ።

የቀድሞዋ የአቤቱታ ክፍል ታይፒስት፣
የግራኙ ትኬት ቆራጭ ልጅ

ጭማሪ፦ ስንወጣ እንድንሞላው የተሰጠንን የደንበኛ እርካታ መጠይቅ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። «ማረፊያችንን ለቤተሰብዎ ይመክራሉ?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠሁት መልስ በጽሕፈቴ ማነስ ምክንያት ላይነበብ ስለሚችል እዚህ ደግሜዋለሁ፦ ቤተሰቤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ከእናንተው ጋር ነው፤ እስካሁን አንድም ቀን ለመውጣት አልጠየቀም።